ፊዚክስ በእጅ ሲወራ

አስተርጓሚዋ ሁልጊዜ የምትቆመው ከጥቁር ሰሌዳው በስተግራ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው። ብርሃን ከኋላዋ ከመጣ ፊቷ ይጨልማል፤ ፊት ካልታየ ደግሞ የምልክት ቋንቋ ግማሹ ይጠፋል። ይህን ያስተማራት መስማት የተሳነው ታላቅ ወንድሟ ነበር። እሱ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ የሚያስተረጉምለት ሰው ስላልተገኘ ትምህርቱን ትቶ፣ ድምፁን የማይሰማውን ራዲዮ ሲጠግን ኖረ። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ቤት በእጁ የሚያወራ ሰው የለም፤ እናትና ልጅ በአፍ ይነጋገራሉ፣ እሱንም ጥቂት።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አሥራ አንደኛ ክፍል መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ከእሷ በፊት የነበሩት ሁሉ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማሩ ይደረግ ነበር። ምክንያቱም ያው ነው፤ ለፊዚክስ ምልክት የለም። ልጅቷ ግን ተፈጥሮ ሳይንስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ዳይሬክተሩ አገጩን ሲያሽ ቆይቶ፣ «አንድ ሴሚስተር እሰጥሻለሁ» አላት። «የፊዚክስን ማጠቃለያ ፈተና ካለፍሽ ትቀጥያለሽ፤ ካላለፍሽ ያለ ጭቅጭቅ ትዛወሪያለሽ።» ይህን ቃል በቃል ያስተረጎመችላት አስተርጓሚዋ ራሷ ናት።

የፊዚክስ መምህሩን ተማሪዎች «መብረቅ» ይሉታል፤ ብልጭ ብሎ ስለሚያልፍ። ምልክት የሌለውን ቃል ፊደል በፊደል በጣት መጻፍ ግድ ነው። አስተርጓሚዋ «ፍጥንጥነት» የሚለውን ጽፋ ስትጨርስ መብረቅ ሁለት ቀመር አልፏል።

አንድ ቀን ከክፍል ሲወጡ ልጅቷን በእጇ፣ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ፊደል» አለች ልጅቷ።

አስተርጓሚዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ ፊደል ብቻ ስትጽፍላት መዋሏ ትዝ አላት። ልጅቷ አላዘነችም። ዓይኖቿ ተንኮል ያሰበ ሰው ዓይን መስለው፣ «ምልክት ከሌለ እኛ እንፍጠረው» አለች።

የተገኘችው ባዶ ቦታ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍል ነበረች። የተቀደደ የመረብ ኳስ መረብ፣ አየር የወጣላቸው ኳሶች፣ አንድ እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር። በምሳ ሰዓት ሦስት ሆነው ይገባሉ። ሦስተኛዋ የልጅቷ የወንበር ጓደኛ ናት። ጆሮዋ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የምልክት ቋንቋ የተማረችው ክፍል ውስጥ ሳይሰማባት ለማማት ነው። ስለዚህም «ወሬኛዋ» ይሏታል፤ እሷም አትቀየምም።

ልጅቷ አንድ ሕግ አወጣች። ምልክቱ ነገሩ የሚሠራውን ያሳይ እንጂ ስሙን አይጥራ። ለፍጥነት መዳፍ በአየር ላይ እንዲንሸራተት አደረጉ። ለፍጥንጥነት ያንኑ መዳፍ ሌላው እጅ ከኋላው እየገፋ ያጣድፈዋል። መጠነ ቁስ ጡጫ ሆነ፤ ክብደት ደግሞ ያንኑ ጡጫ ሌላ እጅ ወደ ታች ሲጎትተው።

«ጨረቃ ላይስ?» አለች ወሬኛዋ፣ ልታጠምዳት ፈልጋ።

ልጅቷ ጡጫዋን እንዳለ ይዛ የሚጎትተውን እጅ አላላችው። ወሬኛዋ አፏን ከፍታ ቀረች። «እንዲህ ቀላል ከሆነ እስካሁን ለምን አልገባኝም?»

«ስታሚ ስለነበር» አለች ልጅቷ።

አንድ ቀን ኮረንቲ ላይ ደረሱ። አስተርጓሚዋ ለዚህ ምልክት ነበራት፤ የወንድሟ። ጣቷን ወደፊት ዘርግታ አንድ ነገር ነካችና እጇን ፈጥና ወደ ደረቷ ሰበሰበች። በስድስት ዓመቷ ከወንድሟ መሥሪያ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ የተማረችው ነው።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «ይህ እኮ ኮረንቲ የያዘው ሰው ነው። ኮረንቲው ራሱ የታለ?»

አስተርጓሚዋ ቅር አላት። ቅር ማለቷ እንዳይታወቅ ወለል ላይ የወደቀ ኳስ አንስታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፤ ኳሱ ተንከባሎ ተመልሶ ወደቀ። የዚያን ቀን ሌላ ምልክት አልሠሩም። በማግሥቱ ግን ቀድማ መጥታ በር ላይ ጠበቀቻት። «ልክ ነሽ። እስኪ ያንቺን አሳዪኝ።»

ልጅቷ የቀኝ እጇን ጣቶች በግራ ክንዷ ላይ ከአንጓዋ አንስታ እስከ ትከሻዋ አስኬደች፤ ከዚያም በደረቷ በኩል አዙራ ወደ ተነሱበት መለሰቻቸው። ቀጥላ ያንኑ ጀምራ ክርኗን ዘረጋች፤ ጣቶቹ እዚያው ቆሙ። መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። አስተርጓሚዋ ክንዷን ነዘራት። ወንድሜ ይህን ቢያይ አለች በሆዷ፤ የቀረውን ሳትጨርሰው ተወችው።

በሩ ተከፈተና መብረቅ ገባ።

«እዚህ የእኔን ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሌላ ሰው አለ ብለውኝ ነው» አለ። ቀልዱ ግን ለራሱም አልቀጠለለትም፤ ዓይኑ እጃቸው ላይ ተተከለ። «ኃይልን እስኪ አሳዩኝ።» አሳዩት፤ አንድ እጅ ሌላውን ገፍቶ ሲያስኬድ። «አይ፣ አይ! ይሄማ ሥራ ነው። ግድግዳ ብትገፉ ኃይል አለ፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም።»

አስተርጓሚዋ ይህን ስታስተላልፍ ልጅቷ ተነስታ ግድግዳውን መግፋት ጀመረች። ፊቷ እስኪቀላ ገፍታ ዞረችና አዲስ ምልክት ሠራች፤ የሚገፋ እጅና የማይነቃነቅ መዳፍ።

«አዎ» አለ መብረቅ በቀስታ። «ይሄ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን በወረቀት ጠቅልሎ እየመጣ ይከራከራቸዋል። ክፍል ውስጥም እጆቹ ሳያስበው ይነሱ ጀመር። እጅ ደግሞ እንደ ምላስ አይሮጥም፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ ማስተማር ያዘ። «መብረቁ ወደ ዝናብ ተለወጠ» ብላ ወሬኛዋ ነዛችው። ክፍሉ በሙሉ ምልክቶቹን ለቀመ፤ ከኋላ ወንበር የሚተኙት እንኳ ሰበቃን በመዳፋቸው እያፋተጉ ይጠያየቁ ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኟ ከሌላ ትምህርት ቤት የተላከች የታሪክ መምህርት ናት። የአስተርጓሚዋ ድርሻ መመሪያውን ማስተርጎም ብቻ ነበር። ከዚያ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ።

ብዙም ሳይቆይ ክፍሉን ቀና ብላ አየች። ሁሉም እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ጡጫውን ወደ ታች ይጎትታል፤ አንዷ ጣቶቿን በክንዷ ላይ ታስኬዳለች፤ ወሬኛዋ ጠረጴዛዋን ትገፋለች።

ፈታኟም አየች። «እጅ ወደ ላይ! ማንም እንዳይጽፍ!» በሩን ከፍታ ዳይሬክተሩን አስጠራች። እሱ ሲገባ መብረቅም ከኋላው ተከትሎ ገባ።

«ይህ ሁሉ ክፍል በምልክት መልስ እየተቀባበለ ነው» አለች ፈታኟ። «ፈተናው መሰረዝ አለበት።»

ዳይሬክተሩ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረ። «ምንድን ነው የሚሉት?»

«ከነገርኩዎት መልሱን ለክፍሉ ሁሉ ነገርኩ ማለት ነው» አለች። ፈተናው ከተሰረዘ ልጅቷ የተሰጣት ሴሚስተር አብሮ ማለቁ ነው። «ግን አንድ ነገር ልበል። በእጅ የሚያወራ ሰው ዓይኑ ከሚያናግረው ሰው ላይ አይነሳም፤ ካላየው አልሰማውም። እነዚህን ይዩዋቸው፤ እያንዳንዱ የሚያየው የገዛ እጁን ነው። እያወሩ አይደለም ጌታዬ፣ እያሰቡ ነው።»

«እንዴት በእጅ ይታሰባል?» አለች ፈታኟ።

«ለምሳሌ ኃይል ሲባል...» ብሎ መብረቅ ጀመረ፤ ሁለቱም እጆቹ አየር ላይ ናቸው። ዳይሬክተሩ ክንዱን ያዝ አደረገው። «አንተ ደግሞ መልስ እንዳትነግር።» ከፊት ወንበር ሳቅ አመለጠ።

«ይቀጥሉ» አለ ዳይሬክተሩ፣ «እጃቸው ከጠረጴዛ በላይ ይሁን።»

ፈታኟ ግን አልረካችም። «ጥሩ። ይህቺ ልጅ ግን የሁሉንም እጅ ታነባለች። የክፍሉ ሐሳብ በሙሉ ለእሷ የተከፈተ መጽሐፍ ነው።»

ነገሩ እውነት ነበር። አስተርጓሚዋ ወደ ልጅቷ ስታይ፣ ልጅቷ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች። አስተርጓሚዋ የተባለውን ስትነግራት አንዱን እጇን አወጣች።

«ምን አለች?» አለ ዳይሬክተሩ።

አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጠችው። «ወደ ግድግዳው አዙሩኝ ትላለች። አብዛኞቹ ተሳስተዋል፣ ያሳስቱኛል፤ አይቼም ዝም ማለት አቃተኝ ነው የምትለው።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ፤ ላጲስ ሲፋተግ ተሰማ። ፈታኟ ራሷ የልጅቷን ወንበር አንስታ ወደ ግድግዳው አዞረችላት።

ውጤቱ በወጣ ቀን ዳይሬክተሩ ወደ ስፖርት ዕቃ ክፍሏ ብቅ አለ። ልጅቷን በዓይኑ ሰላም ብሎ፣ «ኬሚስትሪስ?» አለ።

«ገና ነው» አለች አስተርጓሚዋ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

አስተርጓሚዋ ቤቷ የደረሰችው እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል። እናቷ መስኮቱ አጠገብ የመጋረጃ ጫፍ ትሰፋለች።

«እማዬ፣ አለፈች።»

«በስንት?»

«በሰባ ስምንት።»

«ሃያ ሁለቱ የት ሄደ?» አለች እናቷ፤ ከንፈሯ ግን ፈገግ ብሏል። «ያንን የኮረንቲውን ነገር አሳይሻለሁ ስትይ አልነበር?»

አሳየቻት። እናትየው መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አስቀመጠችው። ከዚያ ጣቷን ወደፊት ዘርግታ፣ አንድ ነገር ነክታ፣ ፈጥና ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። «እሱ እንዲህ ነበር የሚለው።»

«አውቃለሁ። ልጅቷ ትክክል አይደለም አለች።»

«ወንድምሽ ቢኖር ሲሟገታት ያመሽ ነበር።»

«ይሸነፍ ነበር።»

«መሸነፉንማ ይሸነፋል። ግን መቼ አምኖ!» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «እስኪ እንደገና አሳዪኝ።» ጣቶቿን ከአንጓዋ አስነስታ ክርኗ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አይ እማዬ፣ ተቋረጠብሽ። ዞሮ ካልተመለሰ መብራቱ አይበራም።»

እናትየው ከአንጓዋ እንደገና ጀመረች።