የእልፍኙ ቀለም

ፋንታሁን ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ የሚመላለስ የጭነት ማኪና ነጂ ነበር። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ቤት ሠራና እልፍኙን ቀለም ሊያስቀባ ሚስቱን ወለላን ይዞ ሱቅ ሄደ። ወለላ ደማቁን ወይን ጠጅ ስታይ ፊቷ በራ።

«ይኸ ይሁንልኝ፤ ሸጋ ነው» አለችው።

«ምነው፣ ሐዘን ቤት ልታስመስይው ነው?» አለና ደማቁን ሮዝ ገዛ።

አልተከራከረችም። ከዚያ ወዲህ ግን እልፍኙን «ያንተ ቤት» ትለው ጀመር፤ እሱም ቀልድ መስሎት ይስቅ ነበር።

ታማ የተኛች ጊዜ፣ «ስትድኚ ወይን ጠጅ አስቀባዋለሁ» አላት።

«ያኔ ነበር እንጂ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከተዝካሯ በኋላ አስቀባው። ጎረቤት ሁሉ አደነቀለት። እሱ ግን ብቻውን ሲቀር፣ ያሰበችው እንዲህ ያለውን እንደሆነ ሊጠይቃት ይከጅላል።