ዝቅ ብለው የሚያዩት አበባ

ሰው ስለ አክስቴ ሲያወራ ደግነታቸውን ያነሳል። እኔ የማነሳው ሌላ ነው። ሰበታ ቤታቸው ለገባ እንግዳ ሁሉ፣ "ቁጭ በል" ከማለታቸው በፊት "ዝቅ ብለህ እይ" ይሉት ነበር። እንዲያይ የሚፈልጉት የጠረጴዛቸውን ልብስ ነው፤ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንጆች የገዙት፣ ድሮ አውሮፓ የተሸመነ ዳማስክ። ነጭ በነጭ ስለተሠራ ቆሞ ላየው ባዶ ጨርቅ ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ላየው ግን ጽጌረዳው ከነቅጠሉ ብቅ ይላል።

ከሱሉልታ የሚመጡት ወዳጃቸው ኦቦ ዲንቃ ገበሬ ናቸው። ክሩ ከተልባ አገዳ እንደሚፈተል ሲሰሙ ሳቁ።

"ዕድሜ ልኬን ተልባ ዘርቻለሁ። ፍሬው ይበላል፤ አገዳው ደግሞ ምን ይሆናል?"

"ዝቅ ይበሉ" አሏቸው አክስቴ።

ዝቅ ብለው አዩና "ዱጉማ!" አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

ላስቲክ አልብሱት ለሚላቸው አክስቴ መልስ ነበራቸው። "ወጥ ቢፈስበት ይታጠባል። ላስቲክ ካለበሱት ግን አበባውን ማን ያየዋል?"

የአርባቸው ዕለት ልብሱን እኔ አነጠፍኩት። እህቴ ላስቲክ ይዛ መጣች፤ መለስኳት። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበራቸው ባዶውን ነው፤ የሚገባውን እንግዳ "እይ" የሚል የለም። ኦቦ ዲንቃ ሲገቡ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ማንም ሳይነግራቸው ጎንበስ አሉ፤ ቆይተውም ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ።

"ዱጉማ" አሉት።