እዚህ ጋ ሙዚቃ ብቻ ነው

ልጅ እያለሁ ቤታችን ዘፈን የሚገባው በወረቀት ነበር። ቢቸና ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈራችን፣ ቴፕ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ የእኛ ከእነሱ አልነበረም። ዘፈን የምትልክልን ታላቅ እህቴ የሺ ነበረች። ሰባተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ሞጣ ሻይ ቤት ያላት አክስታችን ዘንድ ለሥራ ሄደች። እዚያ ብርጭቆ እያጠበች ቀኑን ሙሉ ቴፕ ትሰማለች። የወደደችውን የሲጋራ ፓኮ ገንጥላ በውስጠኛው ነጭ በኩል ትጽፍና ወደ ቢቸና ለገበያ በሚመጣ ሰው ትልክልናለች። ወረቀቱ ሲደርሰን ቅርንፉድ ቅርንፉድ፣ ትንባሆ ትንባሆ ይል ነበር።

አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። እናቴ እንዝርቷን ይዛ፣ ባዘቶውን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥና «በይ እስቲ፣ ልጄ ምን አለች?» ትለኛለች። ዘፈኑን ያወጣችው የሺ እንደሆነች ነበር የምታምነው፤ ዘፋኝ የሚባል ሰው መኖሩ አያሳስባትም። አባቴ ለዘፈን ፊት አይሰጥም። ቢሆንም በችኮላ ወረቀቱን ስዘረጋ ሲያይ «ቀስ በይ፤ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይለኝና፣ ያልሰማ መስሎ ገመዱን ይገምዳል።

ከሁሉም የማልረሳው አንዱ እንዲህ ብሎ ይጀምር ነበር፦

ተራራው አልከዳ ዝናቡም አልጠፋ፣
አንቺ ብቻ ሄደሽ ደጃፉ ተከፋ።

እውነት ለመናገር፣ ሳነበው ደረቅ ነበር። ዜማ የሌለው ግጥም ጨው እንደረሱበት ሽሮ ነው። የሺ ደግሞ ታማኝ ናትና የሰማችውን ሁሉ ጽፋዋለች፤ «እህህ»ውንም፣ «አይ አይ»ውንም፣ ዘፋኙ ሲደጋግመው እሷም እየደጋገመች። መሃል ላይ በቅንፍ «እዚህ ጋ ሙዚቃ ብቻ ነው» ይላል። እሱንም እንደ ግጥሙ ጮክ ብዬ አነበብኩና ዝም አልኩ። እናቴም ዝም አለች። ምን ያህል ዝም እንደሚባል የሺ አልጻፈችም። እንዝርቱ ብቻ እየሾረ፣ እናቴ «በቃ፣ ቀጥዪ» እስክትለኝ ጠበቅሁ።

በማግስቱ እየፈተለች ያንን ግጥም በራሷ ዜማ ስታንጎራጉረው ሰማኋት። ዝግ ያለ፣ ክሩ ሲረዝም አብሮ የሚረዝም ዜማ ነበር። እኔም ተቀበልኳት። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ፤ መሃሉ ላይ ስንደርስ ዝም እንላለን፣ «በቃ፣ ቀጥዪ» ስትለኝ እንቀጥላለን። ለፋሲካ የሺ መጥታ ስትሰማን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ኧረ እንዲህ አይደለም!» አለች።

«ታዲያ እንዴት ነው?» አልናት።

«ተዉት፣ የእናንተው ይሻላል» ብላ እናቴ ጎን ተቀመጠችና የእኛን ዜማ ተማረች። ዋናው እንዴት እንደሚዘፈን አንድም ቀን አልነገረችንም።

ዛሬ ሞጣ የምኖረው እኔ ነኝ፤ አስተምራለሁ። የሺ አምና ታማ ሞተችብን። ከዚያ ወዲህ ደክሞኛል። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ፈተና ሳርም፣ እናቴ ዘንድ ስመላለስ፣ ድካሙ የእግሬ ይሁን የልቤ መለየት ትቻለሁ። እናቴም ከየሺ ሞት በኋላ እንዝርት አላነሳችም። ድምጿም አብሮ ጠፋ።

ባለፈው ወደ ቢቸና ስሄድ ሾፌሩ የቆየ ዘፈን ከፈተ። ከበሮው ይጋልባል፣ ተሳፋሪው ትከሻውን ይነቀንቃል። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ነው ቃሉ ጆሮዬ የገባው፤ ተራራው አልከዳ፣ ዝናቡም አልጠፋ። ለካ የጭፈራ ዘፈን ኖሯል! ሙዚቃ ብቻ ነው የተባለው ቦታም ጥቂት ትንፋሽ ቢሆን ነው። ረዳቱን ለምኜ ስልኬ ላይ አስጫንኩት። እናቴን ከዝምታዋ የሚያወጣት ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

እንደደረስኩ ጎኗ ተቀምጬ ከፈትኩላት። ጥቂት ሰማችና ፊቷን አዞረች።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«የሺ የላከችልን ዘፈን ነው፣ እማዬ። ዋናው።»

«አይደለም። ይኸ የሰው ነው። ዝጊው፣ ልጄ።»

ዘጋሁት። ተማሪዎቼ ዛሬ ግጥሙም ዜማውም አንድ ላይ በስልካቸው ይመጣላቸዋል። አልቀናባቸውም፤ ግን እናታቸው ዜማ አታወጣላቸውም።

ትንሽ ቆይታ እናቴ፣ እንዝርት በሌለው እጇ ጭኗን እያሸች፣ በቀጭን ድምፅ ጀመረችው። ደንግጬ ተቀበልኳት። «ደጃፉ ተከፋ» ብለን መሃሉ ላይ ደረስንና እንደ ልማዳችን ዝም አልን። «በቃ፣ ቀጥዪ» እስክትለኝ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ከደጃፉ ላይ ሸሸች። እጄን አጥብቃ ይዛዋለች።

አላለችኝም።