በጠመኔ የተሰመረ ቤት

ሰው ሁሉ «ሚሊሜትር» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚሠሩት የመቁረጫ ክፍል ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ተቆጣች፣ አኮረፈች፣ በኋላ ሲሰለቻት ተቀበለችው። ምን ታድርግ፣ እውነታቸውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ፓተርኑን፣ የልብሱን ቅርጽ የያዘውን ወረቀት፣ ጨርቁ ላይ ታነጥፋለች፣ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምራለች፣ ትቆርጣለች። ቀሚሱን ያሰበው ሌላ ሰው፣ ኮቱን የነደፈው ሌላ ሰው፤ የእሷ ፋንታ በመስመሩ ላይ መሄድ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከሌላ ከተማ ስልክ ተደወለላት። እዚያ ያለ አንድ ትልቅ ፋብሪካ የመቁረጫ ክፍል ኃላፊ ይፈልጋል፤ ፓተርኑንም ከባዶ ወረቀት ተነስታ ራሷ የምታወጣ። ደመወዙ ይሻላል፣ እሱስ ይሁን። ልቧን የነካው ያ ባዶ ወረቀት ነው። ሄዳ አየችው፤ ፋብሪካውንም፣ ሊከራዩላት ያሰቡትንም ቤት። ቤቱን ሜትሯን አውጥታ ከጥግ እስከ ጥግ ለክታ፣ ቁጥሩን በማስታወሻ ይዛ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው። «እስከ መጪው አርብ አስቢበት» አላት።

ማሰብማ አሰበች። ሌላ ምን ሠራችና።

የምትኖርበት ቤት የራሷ ነው። ስትገዛው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነበር። አንዱን ዓመት ወለሉን፣ ሌላውን ኮርኒሱን፣ ሌላውን በሩን እያለች በአሥራ አንድ ዓመት ቤት አደረገችው። የሳሎኑ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ያጋደለ መስሏት ግንበኛውን ሦስት ጊዜ አስፈርሳዋለች። ሰውዬው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያያት ተሻግሮ ይሄዳል። በዚያ መስኮት ግን የጠዋት ፀሐይ ገብታ ወለሉ ላይ ስትዘረጋ፣ ሚሊሜትር ከሥራ እስክታረፍድ ድረስ ቆማ ታያታለች። ይህችን ቤት ትወዳታለች። ስትወዳት ደግሞ ለጉድ ነው።

ከእሷ ጋር የሚኖሩት አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗል። ቤቱን በእርምጃ ነው የተማሩት። ከአልጋቸው እስከ በሩ ሰባት፣ ከበሩ እስከ ምድጃው አምስት፣ ከምድጃው እስከ ግቢው ደረጃ አሥራ አንድ። በተማሩባቸው ወራት ግንባራቸው ከእብጠት አርፎ አያውቅም። አሁን ሻያቸውን ራሳቸው ያፈላሉ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው ያሰጣሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ራሳቸው በር ይከፍታሉ። እጃቸውን ይዞ ሊመራቸው የሞከረ ሰው ወዮለት። ሲመሻሽ ከመኝታ ክፍላቸው ብቅ ይሉና «ቀጣዩ ፌርማታ፣ ማድቤት» ብለው ለራሳቸው ያስታውቃሉ።

እንግዲህ እሳቸውን ከዚህ ቤት ማውጣት ማለት ዓይናቸውን ሁለተኛ ማጥፋት ማለት ነው። ሚሊሜትር ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ትመልሳለች። «እኔስ በሄድኩ፣ አባባ ዓይን የላቸውም እንጂ።» ለሥራ ባልደረቦቿ አለች፣ ለጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ አለች፣ አንድ ቀን መስታወት ፊት ፀጉሯን እያበጠረች ለራሷም አለች።

ይሁን እንጂ ልቧ ቁርጥ አላለም። እሁድ ዕለት ነገር በወረቀት አልገባ ሲላት፣ ከፋብሪካው ያመጣችውን የጠመኔ ስባሪ ይዛ ግቢ ወጣች፤ ያንን የሌላ ከተማውን ቤት በልኩ ሲሚንቶው ላይ አሰመረችው። በርከክ ብላ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ሳሎኑን፣ ሁለቱን መኝታ ቤት፣ ማድቤቱን። የውሃ በርሜሉ መታጠቢያ ቤቱ መሃል ላይ ቆሞ ቀረ፤ ተወችው። በአልጋ ፈንታ ወንበር አስቀመጠች፣ በምድጃ ፈንታ የእንጨት ሳጥን።

አባቷ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «ምንድነው የምትፍቂው?» አሏት።

«ያኛውን ቤት ነው አባባ። ዕቃችን ይገባ እንደሆን ልየው ብዬ።»

«አሃ» አሉ። ጆሯቸውንም ወደ ጠመኔው ድምፅ አዘነበሉ።

ከዚያ ወዲህ የሆነችውን ምን ልበላችሁ። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ እዚያ ግድግዳ የሌለው ቤት ውስጥ ትገባለች። በበሩ በኩል ነው የምትገባው፤ መስመር ተራምዳ አታውቅም። ሳሎን መሃል ትቆማለች። ነፋሱ ከማድቤት ተነስቶ በሁለት ግድግዳ ውስጥ ያልፍና ቀሚሷን ነካ አድርጓት ይሄዳል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነጩ መስመር ሁሉ ወርቅማ ይሆንና፣ ቤቱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ይመስላታል። መስኮት በሚሆነው ቦታ በኩል ዓይኗን ጨፍና ስታይ የማታውቀው መንገድ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ሲያልፉ ይታያታል። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀት ተዘርግቶ እሷን ይጠብቃል። ከዚያ አባቷ ከውስጥ ይስላሉ፤ ዓይኗን ትገልጣለች። ሁለት ቤት ኖሯት አንዱም ውስጥ የለችም።

በየማታው መስመሩ እዚህም እዚያም ተደባብሶ ታገኘዋለች። የጎረቤቷን ድመት ረገመች፤ አስተካክላ አሰመረች። ማክሰኞ የአባቷን ነጠላ ጫማ ነጭ ለብሶ አየችና «ዱቄት ረግጠው ነው» ብላ ጠረገችው። ሚሊሜትር የተባለች ሴት፣ ይኼ አልታያትም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት የቤቱ አከራይ ቀለም ቀብቼዋለሁ ብሎ ፎቶ ላከላት። ስልኳን ከፍታ አየች። ደግማ አየች። ከመግቢያው ማድቤቱ በቀኝ ነው፤ አባቷ የሚተኙበት ክፍል በግራ። ግቢዋ ላይ ያለው ቤት ማድቤቱ በግራ ነው። ክው አለች። ጨርቅ የሚሰመረው በጀርባው ነው፤ ጠመኔው በፊት በኩል እንዳይታይ። ፓተርኑ ይገለበጣል፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ የለመደ እጅ፣ ሲሚንቶውንም ጨርቅ አድርጎት ቤቱን በጀርባው አስምሮታል። ለሴቶቹ ብትነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ጠመኔ አይደል፣ ውሃ ያጥበዋል።

ቤቷ ስትደርስ አባቷ ግቢ ውስጥ ቆመው አገኘቻቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አስረዋል። የቆሙት የጠመኔው በር ላይ ነው።

«ነይ ግቢ» አሏት። «እግርሽን ጥረጊ።»

ገባች። ምን ሊያደርጉ ነው ብላ ስታይ፣ ወደፊት መራመድ ጀመሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ወደ ቀኝ። ቀጣዩ ፌርማታ፣ የእኔ መኝታ።» ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ተነሱ። «ከዚህ ማድቤት፣ ዘጠኝ።» ዘጠኝ ቆጠሩ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሳጥኑን ነኩት። በርሜሉን ዞረው አለፉት። አንድ መስመር አልረገጡም።

ጎረቤቷ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፤ ሚሊሜትር ሥራ ስትውል፣ ይህቺ ሴትዮ በርጩማ ላይ ቆማ «አባባ ግድግዳ፣ አባባ አሁን በር ነው» ስትላቸው ሰንብታለች። እርግጥ ጥቅምም አላት። አዲስ ያገባች ልጇ የሚከራይ ቤት ትፈልጋለች፤ ዓይኗን የጣለችው ሚሊሜትር ቤት ላይ ነው። ያም ሆኖ አሁን ልጇ ፈተና እንዳለፈላት እናት ፊቷ በርቷል።

ሚሊሜትር እንባዋን መያዝ አቃታት።

አባቷ ሰሙ። «ምነው? ግድግዳ ነካሁ?»

«አልነኩም አባባ። አንድም አልነኩም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ቤቱ የተገለበጠ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ግራውን ቀኝ አድርጌ አሰመርኩት። የእርስዎ ክፍል በግራ ነው፣ ማድቤቱ በቀኝ።»

አባቷ እጃቸውን ከሳጥኑ ላይ አነሱ። «አራት ቀን ሙሉ ለፍተን» አለች ጎረቤቲቱ፣ ከሁሉም በፊት እሷን ሆድ ብሷት።

«ይቅርብኝ አባባ» አለች ሚሊሜትር። «አልሄድም። ነገ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። እርስዎን እንዲህ እያንገላታሁ የትም አልሄድም።»

«ዓይኔ ጠፋ ብዬ አንድ ቀን አማርሬብሻለሁ?»

«የለም።»

«ሰው ባገኘሽ ቁጥር ‹አባባ ዓይን የላቸውም እንጂ› ስትዪ እሰማለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። እሱ ነው የሚያመኝ። ቤቴን አለቅም ካልሽ አለቅም በዪ፤ ያንቺ ነው፣ ይገባኛል። ከፈራሽም ፈራሁ በዪ። በእኔ ዓይን ግን አትደበቂ።»

ንግግሩ የገባት ቀስ እያለ ነው። እውነትም ተደብቃ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ለአባቷ የፈራች መስሏት የፈራችው ለራሷ ነው።

«ወረቀቱን ነው የፈራሁት» አለች በመጨረሻ። «ባዶውን። ፊቱ ቆሜ ምንም ባይመጣልኝስ?»

«እንዲህ ነው መነጋገር» አሉ አባቷ። «እኔ አዲስ ቤት ስገባ ግንባሬን ነው የምሰጠው። አንቺም የሆነ ነገር ትሰጫለሽ። በይ ውሃ አምጪ፣ ይኼን እጠቢው።»

አርብ በማለዳ፣ ሲሚንቶው እንደደረቀ ቤቱን እንደገና አሰመረችው። በዚህኛው ጊዜ የሜትሩን ጫፍ የያዙላት አባቷ ናቸው። እያንዳንዱን መስመር ከማሳረፏ በፊት ቆም ብላ፣ ግራ እጇን አይታ፣ ቀኝ እጇን አይታ ነው። ስትጨርስ ተነስታ ስልኳን አወጣች።

«እመጣለሁ» አለች ለሥራ አስኪያጁ። «ሦስት ሳምንት ግን ስጡኝ።»

«ቤትሽን ለመሸጥ ነው?»

«አልሸጠውም፤ ተከራይ አግኝቻለሁ። አባቴ የሚያጠኑት ነገር አለ።»

ስልኩን ስትዘጋ አባቷ የጠመኔው በር ጋ ቆመዋል። አራት ቆጠሩ። እግራቸው ከልማድ ወደ ቀኝ ሄደ። ጎረቤቷ ከአጥሩ በላይ አፏን ልትከፍት ስትል ሚሊሜትር በእጇ ከለከለቻት። አባቷ ቆሙ፣ እግራቸውን መለሱ፣ ወደ ግራ ዞሩ። ወንበሩን በእጃቸው እስኪያገኙት ድረስ ሁለት ግድግዳ ጥሰው አለፉ። ተቀመጡበት፤ ጎንበስ ብለውም፣ ቤቱ እንደገባ ሰው፣ የጫማቸውን ክር ፈቱ።