መኪና የጎተተው ገመዳችን

ሰው ጭቃ የያዘው መኪና በገመድ ሲጎተት ሲያይ ወይ ያዝናል ወይ ይስቃል። እኔ እናደዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከአንኮበር ለቅሶ ደርሰን ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ሌላው ሊያወጣው ይታገላል። ከሚኒባሱ ወርደን በእግር ለማለፍ ተነሣን። ገመዱ መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል። ክንዴን የያዘችው ፀሐይ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ “አየሽ አስካለ፣ ገመድ ለዚህም ይሆናል!” ብላ ሳቀችብኝ። ይህን ቀልድ ለስንተኛ ጊዜ እንደነገረችኝ እንጃ። እኔ አንድም ቀን አልሳቅሁም።

ተማሪ ሳለን ደብረ ብርሃን ውስጥ የዋሻ ክበብ ነበረን። ለሰው ስንናገር “ልትመንኑ ነው?” ይሉናል። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ገበሬዎቹ ድንጋይ ወርውረው ድምፁን የሚያዳምጡበት ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ሥሩ ሰፊ ዋሻ ነው ይባላል እንጂ ወርዶ ያየ አልነበረም። ዝናቡ ሲያባራ፣ በጥቅምት፣ በገመድ ልንወርድ ወሰንን። መጀመሪያ የምትወርደው ፀሐይ ነበረች፤ ቀላልም ደፋርም እሷ ነበረች። እናቷ የአባቷን አሮጌ ካፖርት ፈትተው ሱሪ ሰፉላት። ያን ሱሪ ለብሳ ሰፈራችንን ጠባሴን ከላይ እስከ ታች ስትዞርበት ያላያት ሰው የለም።

ያሠለጠኑን ጋሽ ተሰማ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ ጉልምስናቸውን የስልክ ምሰሶ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የጨረሱ ሰው። ከውሃ ታንከሩ ማማ ላይ እያንጠለጠሉ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አለማመዱን። የብርዱን ነገር የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል። ጣታችን ደንዝዞ ቋጠሮው እምቢ ሲለን በብብታችን እያሞቅን እንደገና እንቋጥራለን። ሲደክመን በሶ በጥብጠን እንጠጣለን፣ ኪሳችን ከገብስ ቆሎ ጾሞ አያውቅም። ዛሬ በሶ በጠጣሁ ቁጥር ያ የማማው ዝገት ይሸተኛል።

ገመዳችን አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ አገር መምህር ትቶልን የሄደው። ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ዓይነት አይደለም። ጋሽ ተሰማ ስለ እሱ ሁለት ሕግ አወጡ። አንደኛው፣ ገመድ የሚታየው በእጅ ነው። ዓይናችንን በነጠላ ሸፍነን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችን እንዳስሰዋለን። ሁለተኛው፣ ገመድ አይረገጥም፤ አፈሩ ውስጡ ገብቶ ቀስ እያለ ይበላዋል። የረገጠ ሰው ጎንበስ ብሎ ገመዱን “ይቅርታ” ይለዋል። መጀመሪያ እየሳቅን ነበር የምንለው። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ሳናስበው ከአፋችን ይወጣ ጀመር።

ገመድ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ዕቃ ቤት ስገባ ገመዱ እርጥብ ነው፤ አጠቃለሉም የእኔ አይደለም። ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። መሃሉ ላይ ስደርስ አጥንቱ እንደወጣ ሥጋ ላላብኝ። ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡ የለም። ዘበኛውን ብጠይቀው ሳይደብቅ ነገረኝ፦ ዳይሬክተሩ እሑድ ለሠርግ ወደ መዘዞ ሲሄዱ መንገዱ ቢበላሽ ብለው ገመዱን ከዕቃ ቤት አስወጥተው ነበር፤ ሲመለሱም መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ያወጡት በእሱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስንረግጠው ይቅርታ ስንለው የከረምነው ገመድ!

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። አንቱታውን እስከ ዛሬ ያልነፈግኋቸው አስተዳደጌ ይዞኝ ነው።

“ጌታዬ፣ ይህ ገመድ ከእንግዲህ ሰው አይወርድበትም።”

“ለምን?”

“መኪና ጎትቷል።”

ሳቁ። “ልጄ፣ መኪና የጎተተ ገመድ አንዲት ቀጫጫ ልጅ ያቅተዋል?”

ክበቡን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰብስበው ይህንኑ ደገሙት፤ ሁሉም ሳቀ። ያንገበገበኝ ነገሩ እውነት መምሰሉ ነው። መኪናው ከፀሐይ እንደሚከብድ ማን ይክዳል? በመኪናው ክብደት ተበልቶ ያለቀ ገመድ ነው የምትወርድበት ብል ማን ሊሰማኝ? ለጉዞው እንግዳ ተጠርቷል፣ በግ ተገዝቷል።

ፀሐይ ራሷ ወደ እኔ መጣች፤ የካፖርት ሱሪዋን ለብሳለች። “የምወርደው እኔ ነኝ። እኔ ካልፈራሁ አንቺ ምን ቤት ነሽ?”

ሁላችንም ወደ ጋሽ ተሰማ ዞርን። እሳቸው አይሆንም ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ክበቡ ከዳይሬክተሩ ይልቅ የሚያምነው እሳቸውን ነው። ገመዱን ተቀብለው ዳሰሱት። ጣታቸው እኔ ያገኘሁት ቦታ ላይ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ መለሱልኝና ቆባቸውን አውልቀው እያገላበጡ፣ “እንግዲህ... አለቃችን ካሉ...” አሉ።

“ጋሽ ተሰማ፣ ሰንጢዎን ይስጡኝ” አልኩ።

ሳያዩኝ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ገመዱን የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አድርጌ፣ ከዚያ ከላላው ቦታ ጀምሬ ግራና ቀኝ ከታተፍኩት። ዳይሬክተሩ ይጮሃሉ። ፀሐይ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከክበቡ ተባረርኩ፤ ክበቡም ያለ ገመድ ኅዳርን አላለፈም። “ገመድ ቆራጯ” የሚለው ስም እስክንመረቅ አለቀቀኝም፤ ፀሐይም ዓመት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ይበጠስ ነበር ወይ? አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። የሚያናድደኝም እሱ አይደለም። ዳይሬክተሩ ባለማወቅ ተናገሩ ልበል። ጋሽ ተሰማ ግን ያውቁ ነበር! የልጆች አባት ናቸው፣ እንጀራቸው በሰውየው እጅ ነው፤ ዛሬ ይገባኛል። ቢገባኝም አልበረደልኝም። ሰንጢውን ሰጡኝ፣ ቃላቸውን ግን ነፈጉኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ጤናዬ ጠይቀው ያልፉ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ታዲያ ጭቃውን ስሸሽ ያን የተጋደመ ገመድ ረገጥኩት። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ “ይቅርታ” አልኩት። የመኪናው ረዳት አፉን ከፍቶ አየኝ። ፀሐይ ሳቋ ቆመ። ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝና ረጅም መንገድ ሄድን።

“ልጆቼን አልወልዳቸውም ነበር ይሆናል” አለች በመጨረሻ፤ ስለዚያ ቀን ሳትስቅ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ለገመድ ይቅርታ መጠየቅ ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ግን እኔን ይቅርታ ሳይሉኝ ነው የሞቱት።