ካሜራው የተከተበ ዕለት

ሌሎቹ በፓርቲ፣ በመስመር፣ በወረቀት ታሰሩ። እኔን ያሳሰረችኝ ሳልዘጋት የረሳኋት ማይክሮፎን ናት። ሰው ሲጠይቀኝ "በፖለቲካ ነው" እያልኩ ደረቴን ስነፋ ኖሬአለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ግን መኩራትም ያደክማል።

ሥራዬ በመኪና እየዞሩ መለፈፍ ነበር። መኪናዋ ጣሪያዋ ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ ተሸክማለች፤ እኔ ጋቢና ተቀምጬ "የተከበራችሁ የሐረርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች" እላለሁ። ድምፄ ያምር ነበር። ከድምፄ በቀር የሚያምር ነገር እንዳልነበረኝ እናቴም አትክድም።

የዚያን ዕለት የሕፃናት ክትባት ዘመቻ ከከተማዋ ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር ላይ ይከፈታል ተባለ። መድረክ ተሠራ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ከአዲስ አበባ ካሜራ መጣ። ሁሉም ደረሰ፤ ክትባቱ ብቻ አልደረሰም። የበረዶ ሳጥኑን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቷል። አለቆቹ ግን "ፊልሙ አይቆምም" አሉ። ቤቷ የሚጠባ ልጅ ትታ የመጣችው የጤና ጣቢያው መርፌ ወጊ ድሬሰር ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብላ፣ "ሲሪንጁ ባዶ ነው እኮ! የወጋሽ አስመስዪ ተብያለሁ" ብላኝ ሄደች።

እኔ ቀልድ ሲመጣብኝ እንደ ማስነጠስ ነው፤ አይመለስም። ወደ ሾፌሩ ዞር ብዬ፣ "በላ፣ ዛሬ የሚከተበው ልጁ ሳይሆን ካሜራው ነው!" አልኩት።

ሸዋ በር በሳቅ ፈነዳ። መድረክ ላይ ያለው ጓድ ምን የሚያስቅ ነገር ተናገረ ብዬ ቀና ስል፣ ጓዱ የሚያየው እኔን ነው። የማይክሮፎኗ ቀይ መብራት እንደበራች ነበረች።

በዚያችው መኪና ወሰዱኝ።

እስር ቤቱ ጀጎል ውስጥ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የድንጋይ ቤት ነበር። በቀይ አፈር የተቀቡት መደቦች እንደነበሩ አሉ፤ ሰሃንና ሙዳይ ይሰቀልባቸው የነበሩ ምስማሮች ግድግዳው ላይ ባዶአቸውን ቀርተዋል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። ከውጭ፣ በጠባቡ መንገድ ሴቶች እየተጫወቱ ሲያልፉ ይሰማል። ያ ነው ያስፈራኝ፤ እነሱ ይህን ያህል ቅርብ መሆናቸው።

ስገባ በልማድ፣ በዚያው በሥራ ድምፄ፣ "እንደምን ዋላችሁ" አልኩ። ከላይኛው መደብ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ገበሬ ቀና አሉ።

"ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ወላሂ። አንተ የመኪናዋ ሰውዬ ነህ።"

"ነኝ፣ አባባ።"

"ያን ጊዜ መንደራችን ድሬ ጠያራ መጥተህ፣ 'ኑ፣ ስብሰባ ነው' አልክ። ልጆቻችን መጡ። ከስብሰባው ካሚዮን ላይ ጭነው ለውትድርና ወሰዷቸው። አሁን ደግሞ በዚያው መኪና፣ በዚያው ድምፅ፣ 'ሕፃናት አምጡ፣ አስመዝግቡ' አልክ። አላመጣም አልኩ። እዚህ ያለሁት ለዚህ ነው።"

የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ። ጠባቂው ከውጭ፣ እነዚህ ከውስጥ፤ ማንኛቸው እንደሚቀድሙ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉ ተንቋቋ። ጠባቂው በሩን ከፍቶ ጣቱን ወደ እኔ አቅጣጫ ቀሰረና "አንተ፣ ተነስ!" አለ። ያለው ለካ ከኋላዬ ለተቀመጠ አንድ አስተማሪ ነው። አስተማሪው ጫማውን ሳያጠልቅ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ አገኘሁት። ያ ሁሉ ድምፅ የነበረኝ ሰው በዝምታ ሸናሁ።

ሽማግሌው ወረዱ። ይስቁብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ታጥፋ የተቀመጠች ሌላ ሽርጥ ዘረጉልኝ።

"አቦ፣ እንካ፤ አትፈር። ንጹሕ ናት፤ እሰግድባታለሁ።"

"እርስዎስ በምን ላይ ይሰግዳሉ?"

"መሬቱ ላይ። አንተ 'መሬት የመንግሥት ነው' ብለህ ለፈፍክ እንጂ፣ የአላህ ነው።"

ሽርጥ ማገልደም አላውቅበትም። እንደ ሙሽራ አቁመው ራሳቸው ወገቤ ላይ ቋጠሩልኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አሁን መኪና ላይ አይደለህም። ንገረኝ፤ መርፌዋ ደግ ናት?"

"የትናንቷ ባዶ ነበረች፣ አባባ። እውነተኛዋ ግን ደግ ናት። ልጄን አስከትቤአለሁ።"

"በአላህ?"

"በእግዚአብሔር።"

"መንታ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ሴትና ወንድ። ታላቃቸውን ኩፍኝ ወሰደብኝ" አሉ።

ቀትር ላይ ጠባቂው ሬዲዮ ከፈተ። የሐረር ሕዝብ ለክትባቱ ዘመቻ ያለውን ድጋፍ በታላቅ ደስታ ገለጸ አለ ዜናው፤ ከዚያ የሕዝቡን ደስታ አሰማ። የሸዋ በር ሳቅ ነበር። ቀልዴን ቆርጠው ጥለው፣ ሳቁን አስቀርተውታል።

"ምን አግኝተው ነው እንዲህ የሚስቁት?" አሉ ሽማግሌው።

ነገርኳቸው። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ። ስንስቅ ቁልፉ እንደገና ተንቋቋ። አስተማሪው አልነበረም የመጣው፤ እሱ ጫማውን ሊወስድ አልተመለሰም። በዚህ ጊዜ የተጠራው ስም የእኔ ነው።

መርማሪው ከጠረጴዛው ቀና ብሎ አየኝ። "ሲሪንጁ ባዶ መሆኑን ማን ነገረህ?"

"ማንም፣ ጓድ። ቀልድ ነበር።"

"ድሬሰሯ መኪናህ ጋ ቆማ ታይታለች።"

ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል፤ ከዚያ ምናልባት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ጀግና አይደለሁም፤ ለዚህ ሱሪዬ ምስክር ናት። ግን ቆሜ የነበረው ደረቅ ጨርቅ ለብሼ ነው፤ ሰው የሚሰግድባትን። እጄን ወደ ቋጠሮው ሰድጄ ጠበቅ አደረግኩት።

"ውሃ ጠየቀችኝ፣ አልነበረኝም" አልኩ። "ቀልዱ የራሴ ነው። እውነት ሆኖ መገኘቱን አላወቅኩም ነበር።"

ከዚያ በኋላ ያለውን የውስጥ እግሬ ከእኔ አሳምሮ ይተርከዋል። እኔ የማስታውሰው ቋጠሮው አለመፈታቱን ነው።

ወደዚያ ክፍል አልመለሱኝም። ከዚያው ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ወሰዱኝ፣ ሽርጧን እንዳገለደምኩ። ስፈታ ድምፄን የሚፈልግ መኪና አልነበረም፤ እኔም አልፈለግኩም። ድሬሰሯ ግን ሥራዋ ላይ ነበረች። ሸዋ በር ላይ አግኝታኝ አቅፋ አለቀሰችና፣ መሐል ላይ ሳቅ መጣባት።

"እውነተኛው ክትባት የመጣ ጊዜ አንድ ከእስር የወጡ ሽማግሌ ማንም ሳይጠራቸው ከድሬ ጠያራ በእግራቸው መጡ" አለችኝ። "አንዲት ሕፃን አዝለዋል። አስከተቧት። 'ሌላ ልጅ ቤት የለም፣ አባባ?' ስላቸው፣ 'የለም፤ አላህ ሴት ብቻ ነው የሰጠኝ' አሉ። ሲሄዱ ደግሞ፣ 'ያ የመኪናዋ ሰውዬ በሕይወት ካለ ሽርጤን ይዟል በይው' አሉኝ።"

ወንዱን ደብቀውታል። በመርፌዋ አመኑኝ፣ በመዝገቡ አላመኑኝም። ልክ ነበሩ።

ሽርጧን አጥቤ ድሬ ጠያራ ይዣት ሄድኩ። መንደሩ ግን በመንደር ምሥረታው ፈርሶ ሰዉ ተበትኗል፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር፤ "ሽርጥ ያበደሩኝ ሽማግሌ" እያልኩ ስዞር ሰው እንደ ዕብድ አየኝ። ባለቤቴ በየዓመቱ ለመጥረጊያ ትጠይቀኛለች። እሺ አላልኳትም። ሳጥኔ ውስጥ ታጥፋ አለች፤ ያ ወንዱ መንታ አድጎ አያቱን የሚያስታውስ ከሆነ፣ መጥቶ ይውሰዳት።