የገደልኩትን ጽድ ዛሬ አስነሣሁት

ዛሬ ፒያሳ ውስጥ አንድ ዛፍ ከሞት አስነሣሁ። አትሳቁ፣ የገደልኩትም እኔው ነኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ከሰባተኛ ክፍል የተባረርኩ ጎረምሳ ሆኜ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ ባለ የቀበሌ የዛፎች ግቢ ውስጥ የዛፍ መዝጋቢ ነበርኩ። በሕይወት ያሉትን በአንድ መዝገብ፣ የሞቱትን በሌላ እጽፋለሁ። (ሰው የሚመዘግቡት ሌሎች ነበሩ።)

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር «ለአብዮት በዓል መድረክ ትልቁ ጽድ ነገ ይቆረጥ» አለ። ጽዱን የተከሉት አትክልተኛው ጋሽ ተክሌ ምሳቸውን ትተው ሊሰናበቱት ሄዱ።

እኔ ሆዬ «ሞቷል፣ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል» ብዬ የሞቱት መዝገብ ላይ ጻፍኩና ለሊቀመንበሩ አቀረብኩለት። ሰውዬው ሳያነብ ማኅተም መምታት ሱሱ ነው። መታው።

በነጋታው መጥረቢያ አስይዞ መጣ። «ይሄ እኮ አረንጓዴ ነው!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሞቷል። የእርስዎ ማኅተም አለበት።»

ማኅተሙን አየ፣ ዛፉን አየ፣ እኛን አየ። «ምስጥ የበላው እንጨት ላይማ አልቆምም!» ብሎ ሄደ።

ጋሽ ተክሌ «አንተ መዓተኛ፣ መቼ ልታስነሣው ነው?» አሉኝ።

«እነሱ ሲወድቁ» አልኳቸው። አፌን በጋቢያቸው ሊያፍኑት ምንም አልቀራቸውም።

ዛሬ የድሮውን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጥ ልጅ አስጠራችኝ። «አባባ፣ ይሄ የቆመው ዛፍ ለምን ሞቷል ይላል?»

«አስተካክዪው!»

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«ደርግ ወደቀ በያ!»

ጋሽ ተክሌ፣ ነፍስዎን ይማርና፣ ትንሽ ዘገየሁብዎ።

እናንተስ፣ ማኅተም ያዳነላችሁ ነገር የለም? ጻፉልኝ፣ ሳላነብ እመታበታለሁ።